አይቶ ሳይሆን ጽፎ መለያየት፦ ለአማተር የሥነ ፈለክ ክበብ የምልከታ ምሽት መመሪያ

ብዙ የሥነ ፈለክ ክበቦች የሚጀመሩት በአንድ ቴሌስኮፕ ዙሪያ ነው። አንዱ ቴሌስኮፕ ያገኛል፣ ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ፣ የሳተርንን ቀለበት ያያሉ፣ በአድናቆት አፋቸውን ይይዛሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ቆይቶ ቴሌስኮፑ ሣጥኑ ውስጥ ይገባና አቧራ ይለብሳል። «ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢኖረን ኖሮ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አይመስለኝም። የጎደለው ደብተር ነው። ዛሬ የታየውን ካለፈው ወር ጋር የሚያያይዘው ነገር ከሌለ እያንዳንዱ ምሽት ከዜሮ ይጀምራል። ሁሌ ከዜሮ የሚጀምር ነገር ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ይህ መመሪያ ሰብሰብ ብለው ሰማይ ማየት ለሚፈልጉ፣ ያዩትንም ቁም ነገር ላይ ማዋል ለሚሹ ነው። ዓይን፣ ቢኖኩላር፣ ሰዓትና ደብተር ካሉ መጀመር ይቻላል። ቴሌስኮፕ ከተጨመረ እሰየው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ጨረቃ ትቁረጥላችሁ

የምልከታ ቀን ለሰው ስለተመቸ ብቻ አይቆረጥም። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ዙር ውስጥ ለክበቡ ሁለት ምሽት ምረጡ።

አንደኛው ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ነው። ይህ ለደብዛዛ ነገሮች ይሁን፦ ለኔቡላ (በሰማይ ላለ የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ ለጋላክሲ፣ ለኮከብ ክምችት። ሁለተኛው ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበት፣ ከአዲስ ጨረቃ በኋላ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቀን ነው። ይህን ለጨረቃ ለራሷ፣ ለፕላኔቶችና ለእንግዶች አድርጉት።

ሙሉ ጨረቃስ? ጀማሪ ሁሉ ጨረቃን በቴሌስኮፕ ለማየት ሙሉ እስክትሆን ይጠብቃል። ትርፉ ዓይንን ማጥበርበር ነው። በዚያ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የሚባል ነገር የለም። ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራውም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታየው። በግማሽ ጨረቃ ግን ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። እዚያ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ ትንሿ ኮረብታ ሳትቀር ረጅም ጥላ ትጥላለች። ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን ገደማ ቆይታችሁ ደግሞ የኮፐርኒከስን ጉድጓድ ፈልጉ። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው። ግድግዳው በእርከን እርከን ሲወርድ ይታያል፤ መሃሉ ላይ ትንንሽ ተራሮች አሉት።

ለሁለቱም ምሽቶች መጠባበቂያ ቀን ያዙ። ደመና ሲኖር «ይቅር» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ውሳኔውም ሁሉም በሚያውቀው ሰዓት ይነገር። «እንሂድ? እንቅር?» እየተባባሉ እስኪመሽ መልእክት መለዋወጥ ሰውን ያሸሻል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በቀን ሄዳችሁ እዩ

በጨለማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረገጥ ቦታ እግር ይሰብራል። በቀን ሂዱ። ጉድጓድ፣ ሽቦ፣ ድንጋይ የት እንዳለ እዩ። አድማሱን በየአቅጣጫው ቃኙ፤ በየትኛው በኩል ዛፍ ወይም ሕንፃ እንደሚጋርድ ጻፉ። ባለቤት ካለው ፈቃድ ጠይቁ። ለአካባቢው ጥበቃ ወይም ፖሊስም ቀድማችሁ አሳውቁ። ረጅም ቱቦ ተሸክመው በጨለማ የሚንሾካሾኩ ሰዎች ለማያውቃቸው መንገደኛ ምን እንደሚመስሉ አስቡት።

የሰማዩን ጨለማ ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፣ ሲበዛ ይደበዝዛል። የ5 ማግኒቲዩድ ልዩነት የ100 እጥፍ የብርሃን ልዩነት ማለት ነው። በጣም ጨለማ በሆነ ቦታ ጤነኛ ዓይን እስከ 6 እና ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለውን ያያል። በመብራት በተጥለቀለቀ ከተማ 3 ወይም 4 ላይ ይቆማል። ካርታ ይዛችሁ በዓይናችሁ የምታዩትን የመጨረሻ ደብዛዛ ኮከብ ፈልጉ። ያቺ ቁጥር የምሽቱ ገጽ ላይ ትገባለች። ጆን ቦርትል በ2001 ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚደርስ የሰማይ ጨለማ መለኪያም አለ፤ 1 ድንቅ ጨለማ፣ 9 የከተማ መሃል ነው።

ከከተማ መውጣት የማይችል ክበብ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ጨረቃ፣ ፕላኔቶች፣ ጥንድ ከዋክብትና ደማቅ ተለዋዋጭ (ድምቀታቸው የሚቀያየር) ከዋክብት ከሰገነት ላይም ይሠራሉ። ሩቅ ቦታ ሄዶ በዓመት ሁለቴ ከማየት ቅርብ ቦታ ላይ በየሳምንቱ ማየት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰው ስለ ዕቃ የሚያወራውን ያህል ሰማይ ቢያይ ኖሮ የት በደረሰ።

መጀመሪያ ቢኖኩላር ያዙ። በላዩ የተጻፈው 10×50 ከሆነ 10 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። 7×50 እና 10×50 ለሰማይ ጥሩ ናቸው።

ቴሌስኮፕ ላይ ዋናው ነገር የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ነው። ማጉላቱ የሚወጣው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት (ብርሃኑ ከሌንሱ ወይም ከመስታወቱ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። 1200 ሚሊ ሜትር የሆነው ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 48 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 120 ጊዜ ያጎላል። የማጉላት ጣሪያው በግምት በሚሊ ሜትር የተለካው ስፋት ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ካርቶን ላይ «500 ጊዜ» ተብሎ ቢጻፍ አትመኑ። ከ120 በላይ የምታገኙት ትልቅ ብዥታ ነው።

ለክበብ የምመክረው የዶብሰን ዓይነቱን ነው። ጆን ዶብሰን በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ጓደኞቹን ይዞ ቴሌስኮፕ የእግረኛ መንገድ ላይ እያወጣ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ማሳየት የጀመረ ሰው ነው። ቴሌስኮፑ የሚያርፈው ከእንጨት በተሠራ፣ በእጅ ተገፍቶ በሚዞር መቀመጫ ላይ ነው። ሞተር የለውም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ አናጺ ያለበት ክበብ መቀመጫውን ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ ሌላ፦ ቀይ የእጅ ባትሪ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሚሞቅ ልብስ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ በብርድና በጤዛ ያናድዳል።

ደረጃ 4፦ ደብተሩን ሳይመሽ አዘጋጁ

እያንዳንዱ አባል የራሱ ደብተር ይኑረው። ክበቡ ደግሞ ሁሉም የሚገለበጥበት አንድ ትልቅ መዝገብ ይያዝ። የምሽቱ ገጽ ራስጌ ገና ብርሃን ሳለ ይሞላ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተመልካቹ ስም፣ መሣሪያ፣ የደመናው ሁኔታ፣ የጨረቃ ሁኔታ፣ በዓይን የታየው የመጨረሻ ማግኒቲዩድ። የመጨረሻው እንኳ ሲጨልም ይጨመራል።

ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ይጻፍ። ቀኑም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሁን። ዓለም አቀፍ መዝገቦች የሚቀበሉት ያንን ነው። ያንኑ ኮከብ በሌላ አህጉር ሆኖ ያየ ሰው አለ። የሁለታችሁ ቁጥር ጎን ለጎን የሚቀመጠው ሰዓታችሁ አንድ ሲሆን ነው። ሰዓቶቻችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ከስልክ ወይም ከጂፒኤስ ጋር አስተካክሉ።

አሁን የመመሪያው ሁሉ እምብርት ወደሆነው ደንብ መጣን፦ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይወራል። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ኮከቡ 2.3 ሆኗል!» ካለ የሌሎቹ ዓይን ሳያውቀው ወደ 2.3 ይሳባል። በተለይ ተናጋሪው የክበቡ አንጋፋ ከሆነ አለቀ፤ ጀማሪው ያየውን ትቶ የሰማውን ይጽፋል። አሥር ሰው ተመልክቶ የአንድ ሰው ግምት ብቻ ይተርፋል። ዝም ብለው ከጻፉ ግን አሥር ግምት አላችሁ። አማካዩ ከማንኛውም ነጠላ ግምት የበለጠ ይታመናል።

ሌሎች ሁለት ትንንሽ ደንቦች አሉ። አንደኛ፣ የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም፤ የተሰረዘው በኋላ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ «ፈልጌ አጣሁት» የሚለውም ምልከታ ነው፤ ይጻፋል።

ጽፎ መቆየት ምን እንደሚያመጣ ማየት ለሚፈልግ ሃይንሪክ ሽዋቤ አለ። ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1826 በቴሌስኮፕ ፀሐይን በየቀኑ መከታተል ጀመረ። የሚፈልገው ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ፕላኔት ነበር፤ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ሊይዛት። እንዲህ ያለች ፕላኔት የለችም። ግን እንዳትምታታበት የፀሐይን ጥቁር ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይመዘግብ ነበር። ከ17 ዓመት ያህል በኋላ ደብተሩን ሲያገላብጥ ነጠብጣቦቹ በዙር እየበዙና እያነሱ እንደሚሄዱ አየ። ዛሬ ዙሩ 11 ዓመት ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። ያገኘው በትልቅ ቴሌስኮፕ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሲመሽ የሚሠራው

ቴሌስኮፑን ፀሐይ ስትጠልቅ አውጡት። ከቤት የወጣ መስታወት ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከል ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ይህን ሳያውቁ «ቴሌስኮፑ አይረባም» ብለው ይፈርዱበታል።

ብርሃን ሳይጠፋ ትንሹን መፈለጊያ ቴሌስኮፕ ከትልቁ ጋር አስማሙ። ሩቅ ያለ ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጫፍ በትልቁ መሃል አስገቡና የትንሹን ብሎኖች እያጠበቃችሁ ያንኑ ጫፍ መሃል ላይ አምጡት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ካልተሠራ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ትፈልጋላችሁ። ሲጨልም በደማቅ ኮከብ አንዴ አረጋግጡ። ሁልጊዜ በትንሹ ማጉላት ጀምሩ፤ ነገሩ መሃል ከገባ በኋላ ነው ከፍ የሚደረገው።

ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። የስልክ ስክሪን በአንድ ብልጭታ ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ስልክ ኪስ ይግባ። ካርታ ለማየት ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ይብራ። መኪና ይዞ ዘግይቶ የሚመጣ አባል መብራቱን ከሩቅ ያጥፋ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፣ ቀድማችሁ ንገሩት።

ደብዛዛ ነገር ስታዩ ፊት ለፊት አትፍጠጡ። ከነገሩ ትንሽ ፈንጠር ብላችሁ ተመልከቱ። የዓይናችን ዳር ከመሃሉ ይልቅ ለደካማ ብርሃን ንቁ ነው። አንድ ጋላክሲ ስታፈጡበት ጠፍቶ፣ ወደ ጎን ስትሉ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያስቃል። ከተለመደ በኋላ ሌላ አማራጭ እንደሌለ ይገባችኋል።

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ሞተር በሌለው ቴሌስኮፕ 120 ጊዜ አጉልታችሁ ያያችሁት ነገር በአንድ ደቂቃ ገደማ ከመሃል ተንሸራቶ ይወጣል። እያንዳንዱ አባል ቴሌስኮፑን ቀስ ብሎ ገፍቶ መመለስን ይማር። አለበለዚያ አንድ ሰው ብቻ ሌሊቱን ሙሉ «ጠፋብኝ» የሚል ጥሪ ሲያስተናግድ ያድራል።

አቅጣጫ ለመነጋገር እጃችሁን ተጠቀሙ። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ነው፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት፤ ይህን ማንም አያምንም፣ ራሱ በጣቱ ካልሸፈናት በቀር። አረንጓዴ ሌዘር ካላችሁ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አውሮፕላን በሚታይበት አቅጣጫ ጭራሽ አይበራ፤ አብራሪን ያሳውራል፣ በሕግም ያስጠይቃል።

ደረጃ 6፦ የምሽቱ ዋና ሥራ፣ ተለዋዋጭ ከዋክብት

ክበባችሁ አንድ ሥራ ብቻ ቢይዝ ይህን ይያዝ። ርካሽ ነው፣ ከከተማ ይሠራል፣ ውጤቱም ለሳይንስ ይጠቅማል። በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ታዛቢዎች ማኅበር፣ ባጭሩ አቭሶ የሚባለው፣ ከየአገሩ የአማተሮችን ግምት እየተቀበለ በአንድ መዝገብ ያስቀምጣል። ባለሙያዎች ከዚያ ይወስዳሉ።

ለጀማሪ የሚሆነው አልጎል ነው። በፔርሴየስ ህብረ ኮከብ ውስጥ ነው፤ በባዶ ዓይን ይታያል። እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት ናቸው፤ ደብዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ይጋርደዋል። አልጎል አብዛኛውን ጊዜ 2.1 ነው። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ወደ 3.4 ይወርዳል። መውረዱ 5 ሰዓት ገደማ፣ መመለሱም እንደዚያው ነው። በዓይናችሁ ፊት ኮከብ ሲደበዝዝ ታያላችሁ። ይህን በመጀመሪያ በትክክል የለካው መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ወጣት ጆን ጉድሪክ ነው። በ1782 መከታተል ሲጀምር 18 ዓመቱ ነበር። የሚጋርድ አካል ሊኖር እንደሚችልም ያን ጊዜ ጠቁሟል።

ለዕቅድ የሚጠቅም ስሌት ልንገራችሁ። የአልጎል ዙር ከ3 ቀን በ3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያንሳል። ስለዚህ ዛሬ እኩለ ሌሊት አልፎ የተጋረደ አልጎል ከሦስት ቀን በኋላ በምሽቱ ላይ ይጋረዳል። ለእንቅልፋሞች ጥሩ ዜና ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. የኮከቡን ካርታ ከአቭሶ አውጡ። በካርታው ላይ ከከዋክብት ጎን የተጻፉት ቁጥሮች የማነጻጸሪያ ከዋክብት ማግኒቲዩድ ናቸው። ነጥቡ ከኮከብ ምልክት ጋር እንዳይምታታ አይጻፍም። 29 ማለት 2.9 ነው።

2. ከአልጎል የደመቀ አንድ፣ የደበዘዘ አንድ ኮከብ ምረጡ። ለምሳሌ ጋማ አንድሮሜዳ 2.1 ነው፣ ኤፕሲሎን ፔርሴየስ 2.9 ነው። የሚነጻጸሩት ከዋክብት ከአድማስ ያላቸው ከፍታ ይቀራረብ። ዝቅ ያለውን ኮከብ አየሩ ያደበዝዘዋል።

3. በሁለቱ መሃል የአልጎልን ቦታ ገምቱ። እኩል መሃል ላይ ከሆነ 2.5 ነው። ወደ ደማቁ ቀረብ ብሎ ከመንገዱ ሩብ ላይ ከሆነ፣ የ0.8 ሩብ 0.2 ነውና 2.3 ትጽፋላችሁ።

4. ሰዓቱን፣ ሁለቱን ማነጻጸሪያዎች፣ ግምቱን ጻፉ። አትናገሩ።

5. ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙት። የቀደመውን ግምታችሁን ሳታዩ።

ሲነጻጸር የአባላት ግምት በ0.1 ወይም 0.2 ቢለያይ ሸጋ ነው። በ0.5 ከተለያየ አንዱ የተሳሳተ ኮከብ ይዟል። እዚያው አጠገብ ያለው ሮ ፔርሴየስ ራሱ ተለዋዋጭ ስለሆነ ለማነጻጸሪያ አትያዙት። ቀይ ኮከብ ላይ ደግሞ አታፍጡ። ቀይ ኮከብ ሲያፈጡበት እየደመቀ የሚሄድ ይመስላል፤ ቶሎ ቶሎ ገረፍ አድርጎ ማየት ነው መድኃኒቱ።

ከአልጎል በኋላ ወደ ሚራ እለፉ። ዙሩ 332 ቀን ገደማ ስለሆነ በየምሽቱ ማየት አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ግምት በቂ ነው። ሲደምቅ በባዶ ዓይን ይታያል፣ ሲደበዝዝ እስከ 9 ይወርድና ቢኖኩላር ወይም ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። በኦርዮን ትከሻ ላይ ያለችውን ቀይ ቤቴልጁስም አትርሱ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ላይ ድምቀቷ በሰው ዓይን እስኪታወቅ ወርዶ 1.6 አካባቢ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ሲመዘግቧት የኖሩ ሰዎች በነበራቸው ደብተር ላይ ውድቀቱ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ደረጃ 7፦ ተወርዋሪ ከዋክብት ሲዘንቡ

በየዓመቱ በኦገስት 12 እና 13 አካባቢ ፔርሴይዶች፣ በዲሴምበር 13 እና 14 አካባቢ ጀሚኒዶች ይመጣሉ። ለዚህ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ጭራሽ እንቅፋት ነው። ወንበሩን ወደኋላ አጋድሙት፣ ብርድ ልብስ ልበሱ፣ ከአድማስ ግማሽ ያህል ከፍ ያለውን ሰማይ እዩ።

ክበቦች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አሥር ሰው አንድ ላይ ተጋድሞ «እዚያ ጋ!» እያለ በጋራ ይቆጥርና «160 አየን» ይላል። ይህ ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። የአንድ ሰው ዓይን በአንድ ሰዓት ምን ያህል አየ የሚለው ነው የሚፈለገው። እያንዳንዱ ለብቻው ይቁጠር። ጎረቤቱ ጮኾ ያሳየውን አይቁጠር። የጀመረበትን፣ ያቆመበትን፣ ሻይ ለመጠጣት የተነሣበትን ደቂቃ ይጻፍ። ከሰማዩ ምን ያህሉ በደመና እንደተሸፈነ ይጨምር።

ያያችሁት ከዝናቡ መሆኑን ለማወቅ መንገዱን ወደኋላ ቀጥሉት። ወደ ፔርሴየስ ከወሰዳችሁ ፔርሴይድ ነው። ካልወሰዳችሁ በየሌሊቱ ከሚመጡት ተራ ተወርዋሪዎች አንዱ ነው፤ በሌላ ዓምድ ይገባል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁጥሩ መጨመሩ አይግረማችሁ። ያን ጊዜ የቆማችሁበት የምድር ገጽ ምድር ወደምትሄድበት አቅጣጫ ዞሯል። ሪፖርቱን ዓለም አቀፉ የሜቲየር (የተወርዋሪ ከዋክብት) ድርጅት ይቀበላል።

ደረጃ 8፦ ጁፒተርን መሳል

መሳል አልችልም የሚል ሰው አይዞህ፣ አራት ነጥብና አንድ ክብ ነው። ጋሊሊዮ በጃንዋሪ 1610 በደብተሩ ያሰፈረው ያንኑ ነበር። በቢኖኩላር እንኳ፣ እጅ ካልተንቀጠቀጠ፣ አራቱ ጨረቃዎች ይታያሉ። ከእነሱ አንዷ አዮ በ1.8 ቀን ገደማ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት ልዩነት የተሳሉ ሁለት ሥዕሎች ላይ ቦታዋን ቀይራ ታገኟታላችሁ።

ችግሩ ቴሌስኮፕ ምስል መገልበጡ ነው። ምዕራብ የት እንደሆነ ለማወቅ ቴሌስኮፑን አትንኩት፤ ጁፒተር ተንሸራቶ የሚወጣበት ጎን ምዕራብ ነው። በሥዕሉ ዳር ጻፉት። አቅጣጫ የሌለው ሥዕል በማግስቱ ለባለቤቱ ለራሱ አይገባውም።

ደረጃ 9፦ የቀን ሥራ፣ ፀሐይ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ያለ ማጣሪያ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ወይም በቢኖኩላር ማየት በቅጽበት ዓይን ያሳውራል። ማጣሪያው ለፀሐይ የተሠራ መሆን አለበት፤ የሚገጠመውም በቴሌስኮፑ ፊት በኩል፣ ብርሃኑ ሳይገባ በፊት ነው። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዙ ትንንሽ ማጣሪያዎች በሙቀት ይሰነጠቃሉ፤ ካላችሁ ጣሉት። መፈለጊያው ቴሌስኮፕ ይከደን ወይም ይውለቅ። የግርዶሽ መነጽር ለባዶ ዓይን ነው፤ እሱን አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየት አይቻልም። ከመጠቀማችሁ በፊት ማጣሪያውን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ጭረት ወይም ቀዳዳ እንደሌለው እዩ። ቴሌስኮፑን ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት፤ ልጆች አሉ።

ይህ ከተሟላ ሥራው ቀላል ነው። የነጠብጣብ ቡድኖችን ቁጠሩ፣ በ10 አባዙ፣ የነጠላ ነጠብጣቦችን ቁጥር ደምሩበት። ሦስት ቡድን፣ በጠቅላላው 14 ነጠብጣብ ካያችሁ 44 ነው። ሩዶልፍ ቮልፍ በ19ኛው መቶ ዓመት ያመጣው ስሌት ነው፤ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተቀየረም። የሥራ ቀን ምሽት መውጣት ለማይችሉ አባላት ተስማሚ ነው።

ደረጃ 10፦ እንግዶች ሲመጡ

የእንግዳ ምሽትና የሥራ ምሽት አትደባልቁ። ሁለቱም ይበላሻሉ።

ለእንግዳ ጋላክሲ አታሳዩ። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ መታየቷ ለእናንተ ያንሰፈስፋል፤ በፎቶ ለለመዳት ሰው ግን ግራጫ ጭጋግ ናት። ጨረቃን፣ ሳተርንን፣ ጁፒተርን፣ አልቢሪዮን አሳዩ። አልቢሪዮ አንዱ ወርቃማ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ጥንድ ኮከብ ነው፤ ከከተማም ያምራል።

ሰልፉ አንድ ይሁን፣ አንድ ሰው ቴሌስኮፑ ጋ ይቁም። «እጅዎን ወደኋላ ያድርጉ» ማለትን አትፈሩ፤ ሰው ሁሉ ቱቦውን ይዞ ነው መጠጋት የሚፈልገው። ለልጆች ደረጃ ያስፈልጋል። ለአረጋውያን ወንበር። መነጽር የሚያደርግ ሰው አውልቆ ፎከሱን ለራሱ ያስተካክል። ከሁሉ በላይ ግን «አዩት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ሰው ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። «ቀለበቱ ወደየት ያጋደለ ይመስልዎታል?» በሉ። ያላየ ሰው ያን ጊዜ ይታወቃል፣ እናንተም ታስተካክላላችሁ። ፈቃደኛ ከሆነም ያየውን በአንድ መስመር የእንግዳ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 11፦ ማግስቱንና ደመና ሲኖር

የምሽቱ ማስታወሻ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ዋናው መዝገብ ይገልበጥ። ሲቆይ የራስ የእጅ ጽሑፍም የሰው ይሆናል። ገልባጩ ቁጥር አያስተካክልም። ያልገባው ነገር ካለ ባለቤቱን ይጠይቃል። ወደ አቭሶ የሚላከውም በየተመልካቹ ስም ነው፤ የክበቡ አማካይ አይላክም። እያንዳንዱ አባል የራሱን የታዛቢ መለያ ያወጣል።

ሰማዩ ሲደፈን ስብሰባውን አትሰርዙት። ትልቅ የግራፍ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በአግድሙ ቀኑን፣ በቋሚው ማግኒቲዩዱን አድርጉ፤ ደማቁ ወደ ላይ፣ ደብዛዛው ወደ ታች። እያንዳንዱ አባል በራሱ ቀለም የሚራ ግምቶቹን ያስፍር። ማን ሁልጊዜ ከሌላው 0.2 ከፍ እንደሚል በዚያ ይታወቃል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ የዓይኑ ጠባይ ነው፣ ካልተለዋወጠ ይጠቅማል። ማን አንድ ሌሊት የተሳሳተ ኮከብ እንዳየም ይታያል። ነጥቦቹ ሳስተው ክፍተት ያለበት ሳምንት ካገኛችሁ ያ ሳምንት በየወሩ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ሳይሆን አይቀርም። ለዚያ ሳምንት ቢኖኩላር ያለው አንድ አባል መድቡ። እስከ 6 የሚደርሱ ከዋክብትን በጨረቃ ብርሃንም መገመት ይችላል።